መስመር ያለው ለሌለው ይናገር

በ2011 ዓ.ም. ሰኔ ወር፣ ካርቱም ውስጥ አንድ የሕግ ጠበቃ የስልክ ኩባንያቸውን ፍርድ ቤት አቆሙት። የሱዳን ወታደራዊ ምክር ቤት አደባባይ የወጣውን ሕዝብ በኃይል ከበተነ በኋላ ኢንተርኔቱን ዘግቶት ነበር። ጠበቃው አገልግሎቴ ይመለስልኝ ብለው ተከራከሩ፤ ፍርድ ቤቱም ፈረደላቸው። ይሁን እንጂ ክሱ የቀረበው በግል ስማቸው ስለነበር መስመሩ የተከፈተው ለእሳቸው ብቻ ሆነ። ሚሊዮኖች ከዓለም ተቆርጠው በተቀመጡበት አገር የአንድ ተራ ዜጋ ስልክ ብቻ ይሠራ ጀመር። ድላቸውን ይዘው ቤታቸው መግባት ይችሉ ነበር። አልገቡም። ለሌሎችም እንዲከፈት ሊጠይቁ ወደ ፍርድ ቤት ተመለሱ። ሐምሌ ሲገባም አገልግሎቱ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ለሕዝቡ ተመለሰ።

በዚያው ሰኔ እኛም አገር መስመር ጠፍቶ ነበር። መጀመሪያ በብሔራዊ ፈተና ሰሞን፣ ቀጥሎም በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ ከፍተኛ የመንግሥትና የጦር ኃላፊዎች በተገደሉበት በሰኔ 15 ማግስት ኢንተርኔት ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ብዙ መስመር ተቆርጧል፤ ብዙ መስመርም ተቀጥሏል። ዛሬ ለወገኖቻችን ሁሉ የምናቀርበው ጥሪ አንድ ነው፦ መስመር ያለው ለሌለው ይናገር። የተዘጋበት ሰው ተዘጋብኝ ብሎ መጮህ አይችልም፤ የሚጮህበትን ነው የተነጠቀው። ስለ እሱ መናገር የሚችለው ያልተዘጋበት ብቻ ነው። ስለዚህ ይህ ግዴታ ምንጊዜም የሚወድቀው፣ በዚያች ቀን ስልኩ በሚሠራለት ሰው ትከሻ ላይ ነው።

እስቲ ያሳለፍነውን አብረን እናስታውስ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ በስልክ አጭር የጽሑፍ መልእክት መላላክ ለሁለት ዓመት ያህል ከአገር ጠፋ። በ2008 የብሔራዊ ፈተና ጥያቄዎች በማኅበራዊ ሚዲያ ከወጡ ወዲህ፣ በፈተና ሰሞን መዝጋት የተለመደ ሆነ። በ2012 የወለጋ ዞኖች ለሦስት ወር ገደማ ያለ ኢንተርኔት ቆዩ፤ የኮሮና ወረርሽኝ ወደ አገራችን ሲገባ፣ ሕዝብ ራሱን እንዴት እንደሚጠብቅ ማወቅ በሚያስፈልገው ሰዓት፣ እነሱ ገና ዝግ ነበሩ። በዚያው ዓመት ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆየ። ከጥቅምት 25 ቀን 2013 ጀምሮ ትግራይ በጦርነት ውስጥ ሆና፣ ሁለት ዓመት ገደማ የሚሆነውን ጊዜ በአብዛኛው ያለ ስልክ፣ ያለ ኢንተርኔትና ያለ ባንክ አሳለፈች። በ2015 ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በመላ አገሪቱ ተገደቡ። ከዚያው ክረምት ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ በብዙ ከተሞች የተመለሰው ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ ነው።

ይህን ዝርዝር ልብ ብሎ ያነበበ ሁሉ አንድ ነገር ያያል። ወለጋ ስትዘጋ ባሕር ዳር ክፍት ነበረች። መቀሌ ስትዘጋ አዲስ አበባ ክፍት ነበረች። ባሕር ዳር ዳታ ባጣች ጊዜ መቀሌ መስመሯ ተመልሶላት ነበር። መዘጋት በዚህች አገር የአንድ ብሔር ዕጣ፣ የአንድ ክልል ዕጣ፣ የአንድ ፓርቲ ደጋፊ ዕጣ ሆኖ አያውቅም፤ በየተራው ሁላችንንም ጎብኝቶናል። ነግ በእኔ ያለ ሰው ሁሉ ነገ ደርሶበታል። ስለዚህ የወለጋው ሰው ስለ መቀሌ ይናገር፤ የመቀሌው ስለ ጎንደር ይናገር፤ የጎንደሩ ስለ ደምቢ ዶሎ ይናገር፤ የአዲስ አበባው ስለ ሁሉም ይናገር። መስመር ያለው ለሌለው ይናገር።

በኅዳር 2015 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት 17ኛው የኢንተርኔት አስተዳደር ጉባኤ በአዲስ አበባ ተካሄደ። ከዓለም ዙሪያ የመጡ እንግዶች ለሁሉም ስለሚደርስና ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ኢንተርኔት በመዲናችን መከሩ። የፕሪቶሪያው የሰላም ስምምነት ከተፈረመ ገና ወር አልሞላውም ነበር፤ በትግራይ አብዛኛው ሕዝብ መስመር አልነበረውም። ጉባኤው ስለ እሱም ይመክር ነበር፤ እሱ ግን ሊከታተለው አልቻለም። በዚያ አዳራሽ የተቀመጠ፣ በስልኩ የተከታተለ፣ በዜና የሰማ ሁሉ በዚያን ሳምንት መስመር ያለው ሰው ነበር። ለሌለው የመናገር ፋንታው የእሱ ነበር።

መስመር ሲቆረጥ የሚቆረጠው ምን እንደሆነ ቀረብ ብለን እንየው። ሪያድ ወይም ቤይሩት በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ አንዲት እህታችንን እናስብ። ቀኑን ሙሉ ጽዳቱ፣ ልብሱ፣ ወጥ ቤቱ ቁጭ አላደረጋትም። አሠሪዎቿ ሲተኙ ፍራሿ ላይ ተቀምጣ ኢሞ ትከፍታለች። የእናቷ ፎቶ እዚያው አለ፤ ለፋሲካ የተነሡት፣ ነጠላቸውን ያጣፉት። ትደውላለች፤ አይነሣም። ድምፅ ትቀዳለች፤ «እማዬ፣ ደኅና ናችሁ? የላክሁት ብር ደረሳችሁ?» መልእክቱ ከእሷ ስልክ ይወጣል፤ እናቷ ዘንድ ግን አይደርስም። በማግስቱም እንዲሁ፤ በሠልስቱም እንዲሁ። በቀዬዋ ውጊያ እንዳለ ሰምታለች፤ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደተረፈ የሚነግራት የለም። እናቷ ፊደል ያልቆጠሩ ናቸው፤ ደብዳቤ አይጽፉም፤ ዜና ጣቢያ አይከታተሉም። ለእሳቸው ኢንተርኔት ማለት የልጃቸው ድምፅ ነው።

ወደ አገር ቤት እንመለስ። በአንድ የክልል ከተማ መድኃኒት ቤት የምትሠራ ፋርማሲስት ያለቀባትን መድኃኒት አዲስ አበባ ካለው አከፋፋይ የምታዘው በቴሌግራም ነው። የመድኃኒቱን ዝርዝር ፎቶ አንሥታ ትልካለች፤ ዋጋ ይመጣላታል፤ ክፍያውን በሞባይል ባንኪንግ ትፈጽማለች፤ በማግስቱ ካርቶኑ በአውቶቡስ ይደርሳታል። መስመሩ ሲጠፋ የስኳር በሽተኛው ነገ ና ይባላል፤ ነገም ነገ ይባላል። መስመሩ ሲጠፋ ለትምህርት ዕድል ማመልከቻ የሚልከው ተመራቂ ቀኑ ሳያልፍበት አውቶቡስ ተሳፍሮ መስመር ወዳለበት ከተማ ይጓዛል። መስመሩ ሲጠፋ ቡና አቅራቢው የዕለቱን ዋጋ ሳያውቅ ይሸጣል። መስመሩ ሲጠፋ ሐኪሙ የሥራ ባልደረባውን ምክር ሳያገኝ ውሳኔ ይሰጣል። መስመሩ ሲጠፋ ባለችሎታው ወጣት የውጭ ደንበኛውን ያጣል፤ ደንበኛው ደግሞ ምክንያቱን አይጠይቅም፣ ሌላ አገር ሌላ ሠራተኛ ይፈልጋል።

በ2011 ክረምት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኢንተርኔት ውሃም አየርም አይደለም ሲሉ ተሰምተው ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን መንግሥት ራሱ ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 የሚል ስትራቴጂ አጽድቆ አገልግሎቱን ወደ ስልክ አምጥቷል። ቴሌብር በ2013 ሥራ ጀምሮ በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሰው መዝግቧል። የፋይዳ መታወቂያ፣ የባንክ ሒሳብ፣ የግብር ክፍያ፣ የፈተና ምዝገባና ውጤት ሁሉ በዚህ መስመር ላይ እየተደገፉ ነው። ሕዝብን ወደ መስመር ኑ ብሎ የጠራ መንግሥት፣ ሕዝቡ ከመጣ በኋላ መስመሩን የመጠበቅ አደራ አለበት። ኑሮውን መስመር ላይ ያደረገ ሕዝብም አደራውን የመጠየቅ መብት አለው።

ክፍት ኢንተርኔትን የሚፈሩ ወገኖቻችንን ፍርሃት አናቃልልም። ፍርሃቱ እውነት አለው። በጥቅምት 2014 በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ፣ ስማቸውና ፎቷቸው በፌስቡክ ላይ በጥላቻ ቃል ከተሰራጨ በኋላ በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ልጃቸው የፌስቡክን ባለቤት ሜታን በኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከስሷል። በአንድ ጣት ተነክቶ የሚሰራጭ ውሸት ሰው እንደሚገድል እኛ ኢትዮጵያውያን ከማንም በላይ እናውቃለን። ክፍት ኢንተርኔት ይኑረን ስንል ይህን ዘንግተን አይደለም።

ነገር ግን ያ ቤተሰብ ምን እንዳደረገ እናስተውል። ያጠፋውን ለይቶ በስሙ ከሰሰ። ለጥፋቱ ተጠያቂ ነው ያለውን ኩባንያ ዳኛ ፊት አቀረበ። ሕግ ማለት ይህ ነው። የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክል አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለን፤ የኮምፒዩተር ወንጀልን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለን። ያጠፋ ሰው በስሙ ይጠየቅ፤ በማስረጃ ይከሰስ፤ በዳኛ ይፈረድበት። የአንዱን ጥፋት ሚሊዮኖች እንዲከፍሉት ማድረግ ግን ፍትሕ ሊባል አይችልም። የፈተና ስርቆትም መድኃኒቱ የፈተና አያያዝ ነው፤ ከ2015 ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲ ግቢ ተሰብስበው መፈተናቸው ችግሩን ከምንጩ መፈለግ እንደሚቻል ያሳያል።

ደግሞም መስመር ሲጠፋ ወሬ አይጠፋም። ወሬ በአፍ ይሄዳል፤ በአውቶቡስ ይሄዳል፤ በገበያ ይሄዳል። የሚጠፋው ወሬውን የምናጣራበት ነው። እዚያ ሰፈር ሰው ተገደለ ሲባል ደውሎ እውነት ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ይጠፋል። ሐሰት ነው ብሎ የሚያስተባብል ጋዜጠኛ ይጠፋል። ግፍ ሲፈጸም መዝግቦ የሚያስቀር ምስክር ይጠፋል። ሰላም የሚያወርዱ ሽማግሌዎች የሚጠራሩበት ስልክ ይጠፋል። በችግር ጊዜ ሕዝብ ይበልጥ መገናኘት ያስፈልገዋል።

የቆምንበት መሬት ጽኑ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 29 ማንኛውም ሰው፣ በአገር ውስጥም ከአገር ውጭም ወሰን ሳይደረግበት፣ በመረጠው ማሰራጫ መረጃና ሐሳብ የመሰብሰብ፣ የመቀበልና የማሰራጨት ነፃነት እንዳለው ደንግጓል። በአንቀጽ 26 የስልክና የኤሌክትሮኒክ ግንኙነታችን እንዳይደፈር ጥበቃ ሰጥቷል። መቀመጫው ባንጁል የሆነው የአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው የመርሆች መግለጫ፣ መንግሥታት የሕዝብን የኢንተርኔት አገልግሎት እንዳያቋርጡ አሳስቧል፤ ኮሚሽኑ የሚያስከብረውን ቻርተር አገራችን ተቀብላዋለች። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ምክር ቤትም እ.ኤ.አ. በ2016 ሆን ተብሎ የሚደረግን የኢንተርኔት መቋረጥ አውግዟል።

ፍርድ ቤቶችም ተናግረዋል። እ.ኤ.አ. በጥር 2019 የዚምባብዌ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ኢንተርኔት እንዲዘጋ ያዘዙት ሚኒስትር ሥልጣኑ እንደሌላቸው ፈረደ። እ.ኤ.አ. በ2020 የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የካሽሚርን ጉዳይ መርምሮ፣ ገደብ የሌለው መዝጋት እንደማይፈቀድና የመዝጊያ ትእዛዞች ለሕዝብ መታተም እንዳለባቸው ወሰነ። በዚያው ዓመት የምዕራብ አፍሪካ አገሮች የጋራ ፍርድ ቤት ቶጎ እ.ኤ.አ. በ2017 ኢንተርኔት በመዝጋቷ የዜጎችን ሐሳብ የመግለጽ መብት ጥሳለች ብሎ ፈረደባት። በእነዚህ ሁሉ መዝገቦች ውስጥ ደፍሮ የጠየቀ ሰው አለ። ዳኛ ያልተጠየቀውን አይፈርድም።

እንግዲህ እኛ የምንጠይቀው የታወቀ ነገር እንዲሆን ነው። ሕጉ ይታወቅ፤ ኢንተርኔት የሚቋረጥበት ሁኔታ ካለ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በግልጽ ተከራክሮበት ያውጣው፤ ማንም ከፍቶ ያንብበው። ትእዛዙ ይታወቅ፤ ማን እንዳዘዘ፣ መቼ እንዳዘዘ፣ ለምን እንዳዘዘ በዚያው ዕለት ለሕዝብ ይነገር። ወሰኑ ይታወቅ፤ የትኛው ቀበሌ፣ የትኛው አገልግሎት፣ እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ ይገለጽ፤ ማብቂያ የሌለው መዝጋት አይኑር። ዳኛው ይታወቅ፤ የተዘጋበት ሰው አቤት የሚልበት ችሎት ይኑረው። ሒሳቡ ይታወቅ፤ መስመሩ ከተመለሰ በኋላ ምን ተገኘ፣ ምን ጠፋ፣ ማን ተጎዳ የሚል ሪፖርት ለምክር ቤት ይቅረብ። ይህ ለመንግሥትም ይጠቅማል። ያልተነገረ ምክንያት ጥርጣሬ ይወልዳል፤ የተነገረ ምክንያት ግን ይመዘናል፤ ትክክል ከሆነም ተቀባይነት ያገኛል።

የተዘጋ እንደሚከፈት ደግሞ በዓይናችን አይተናል። በሰኔ 2010፣ ለዓመታት ታግደው የነበሩ 264 ድረ ገጾችና የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ተከፈቱ። ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በሚያዝያ 2006፣ የዞን ዘጠኝ ጦማርያን በመጻፋቸው ወደ እስር ቤት ሄደው ነበር። ያን ጊዜ ስለ እነሱ የተናገሩ፣ የጻፉ፣ ፍርድ ቤት ደጃፍ የቆሙ ሰዎች ድካም ከንቱ አልቀረም። የዛሬውም ድካማችን ከንቱ አይቀርም።

ክፍት ኢንተርኔት ስንል ከመዘጋት የተረፈ መስመር ብቻ ማለታችን አይደለም። ስልኩን መግዛት ያልቻለ ገበሬ ገና አልተከፈተለትም። የዳታ ጥቅል ከቀን ገቢው የሚበልጥባት ጉሊት ቸርቻሪ ገና አልተከፈተላትም። በቋንቋው የሚነበብ ያጣ ተማሪ ገና አልተከፈተለትም። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ የገባው፣ ባለሙያዎች ፊደላችን ከዓለም ኮምፒዩተሮች እንዳይቀር ስለደከሙ ነው። ዛሬ ማንም ሰው በዘመናዊ ስልክ «እንዴት አደርክ» ብሎ በፊደላችን የሚጽፈው በእነሱ ድካም ነው። በአማርኛ ዊኪፔዲያ ላይ ያሉት መጣጥፎች ግን 15 ሺህ ገደማ ናቸው፤ ለአስር ሚሊዮኖች ቋንቋ ይህ እጅግ ትንሽ ነው። በዚያ ያለውን ባዶ ቦታ የሚሞላ ሚኒስቴር የለም፤ የምንሞላው እኛ ነን።

ታዲያ እያንዳንዳችን ምን እናድርግ?

እናንተ የሕዝብ ተወካዮች፣ ኢንተርኔት የሚቋረጥበትን ሁኔታ የሚወስነውን ሕግ አርቅቁልን፤ በምክር ቤቱ ውስጥ ጥያቄውን አንሡልን። የመረጣችሁ ሕዝብ በመስመሩ መቆረጥ ሲቸገር ቃል አቀባዮቹ እናንተ ናችሁ።

እናንተ የሕግ ባለሙያዎች፣ የካርቱሙን ጠበቃ መንገድ ተከተሉ። የአገልግሎት ውሎችን መርምሩ፤ መዝገብ ክፈቱ፤ አንድ ደንበኛ ብቻ ቢኖራችሁም ጉዳዩን ለብዙዎች አቅርቡት። የመረጃ ነፃነትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል፤ መሥሪያ ቤቱም በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ጥያቄውን ጽፋችሁ አስገቡ። መልስ ካልመጣ የእንባ ጠባቂ ተቋም አለ፤ የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አለ።

እናንተ በቴሌኮም ኩባንያዎችና በኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የምትሠሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ የሕዝብን መስመር በእጃችሁ ይዛችኋል። በቃል የመጣውን ትእዛዝ በጽሑፍ አድርጉልን ብላችሁ ጠይቁ፤ መዝግባችሁ አስቀምጡ፤ ለደንበኛ የሚነገር እውነት እንዲኖር ታገሉ። ዛሬ በአገራችን ከአንድ በላይ ኩባንያ አለ፤ ደንበኛን በማክበርም ተወዳደሩ።

እናንተ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች፣ መዘጋትን ለኩልን። ኦኒ ፕሮብን የመሰሉ ነፃ መተግበሪያዎች በስልክ ተጭነው የትኛው ገጽና የትኛው አገልግሎት እንደተገደበ ይመዘግባሉ። ልኬት ያለው አቤቱታ ከስሜት በላይ ክብደት አለው። ተማሪዎቻችሁን አስተምሩ፤ ቁጥሩን ለጋዜጠኞች አቀብሉ።

እናንተ ጋዜጠኞች፣ መስመር የተቆረጠበትን አካባቢ ከዜናችሁ አታውጡት። ዛሬ ስንተኛ ቀኑ እንደሆነ በየዕለቱ ንገሩን። የማይሰማ ሕዝብ እንዳይረሳ አድርጉ።

እናንተ ነጋዴዎችና የባንክ ሰዎች፣ ኪሳራውን መዝግቡ። ስንት ክፍያ እንደቀረ፣ ስንት ትእዛዝ እንደተሰረዘ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። በንግድ ምክር ቤት ስብሰባ ላይ አቅርቡት። ስለ ግብርና ስለ ውጭ ምንዛሪ የምትናገሩበት አንደበት ስለ መስመርም ይናገር።

እናንተ የሃይማኖት አባቶችና የአገር ሽማግሌዎች፣ ቃላችሁ ይሰማል። በአውደ ምሕረትም በመስጊድም ሰውን በሐሰት መወንጀል ኃጢአት መሆኑን አስተምሩ፤ በስልክ የተጻፈ ሐሰትም ያው ሐሰት መሆኑን ንገሩን። እናትን ከልጇ መለየት ግፍ መሆኑንም ለባለሥልጣኑ ንገሩልን።

እናንተ በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ፣ በለንደን፣ በዱባይ የምትኖሩ ወገኖቻችን፣ መስመራችሁ በአብዛኛው ክፍት ነው፤ ስለዚህ ግዴታችሁ ከባድ ነው። የራሳችሁ ወገን ሲዘጋበት ብቻ አትነሡ፤ የሌላውም ሲዘጋበት ተነሡ። በእጃችሁ ያለው ድምፅ አገር ቤት ያለውን ሰው ለማጋጨት አይዋል። እዚያ ሆኖ የሚለኮሰው እዚህ ነው የሚነደው።

እኛ ሁላችን ደግሞ፣ ስልክ ያለን ሁሉ፣ ክፍት ኢንተርኔት ይገባናል የምንል ከሆነ የሚገባንን ሆነን እንገኝ። ያላጣራነውን አናስተላልፍ። የሰውን ስም፣ ፎቶና አድራሻ ለጥቃት አሳልፈን አንስጥ። በቡድናችን ውስጥ ስድብ ሲጻፍ ተው እንበል፤ ዝም ያልነው ስድብ በእኛ ስም ይሄዳል። ዝጉት ለሚሉ ሰበብ አንሁን። ነፃነታችንን የሚጠብቅልን የመጀመሪያው ዘብ የራሳችን ጣት ነው።

ለመሆኑ ይህን የጋራ ሥራ ማን ያስተምረናል? ዕድራችን አስተምሮናል። ሰው ሲሞት ጡሩንባ ይነፋል፤ የሞተው የየት አገር ሰው ነው፣ ማንን ይደግፍ ነበር ብሎ የሚጠይቅ የለም። ድንኳን የሚተክል ይተክላል፤ ወንበር የሚያመጣ ያመጣል፤ ንፍሮ የሚቀቅል ይቀቅላል። የቀረ ይቀጣል። ሐዘኑ የአንድ ቤት ሆኖ ሳለ ሸክሙ የሰፈሩ ይሆናል። የአንድ ወረዳ መስመር ሲቆረጥም ጡሩንባው ለሁላችን እንደተነፋ እንቁጠረው።

ይህን ዛሬ እንጀምረው፤ መስመር ባለን ቀን እንጀምረው። የትም ይሁን የት፣ የማንም ወገን ይሁን፣ ሕዝብ መስመሩ ተቆርጦበታል ሲባል በዚያው ዕለት እንናገር። ጠበቃው መዝገብ ይክፈት፤ ጋዜጠኛው ይዘግብ፤ ባለሙያው ይለካ፤ ነጋዴው ኪሳራውን ይጻፍ፤ አባቶች ይገሥጹ፤ ወጣቱ ያላጣራውን አያስተላልፍ። እስከዚያው ደግሞ የምርጫ ክልላችንን ተወካይ ስም እንፈልግና አንድ ደብዳቤ እንጻፍላቸው። ደብዳቤው ረጅም መሆን አያስፈልገውም። ኢንተርኔት የሚዘጋብን በየትኛው ሕግ፣ በማን ትእዛዝ፣ ለስንት ቀን ነው? እኒህን ሦስት ጥያቄዎች እንጻፍ፤ መልሱ እስኪመጣም የኦሮሞው፣ የአማራው፣ የትግሬው፣ የሶማሌው፣ የሲዳማው፣ የሁላችንም ስም ከደብዳቤው ግርጌ አብሮ ይፈረም።